የራያ ሌላው አልበም

ብራዚላዊው ሰባስቲያኦ ሳልጋዶ ግንቦት 2017 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ አረፈ። የኢኮኖሚ ትምህርቱን ትቶ ወደ ካሜራ የዞረው ይህ አንጋፋ ፎቶ አንሺ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋር ሲሠራ ኮረም መጠለያ ድረስ መጥቶ ነበር። ብርድ ልብስ የተከናነበውን ወገናችንን ያነሳባቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ዓለምን ዞረዋል። የራያዋ ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮረም ደግሞ 2,500 ገደማ። ከቆላ ወደ መጠለያው ለወጣ ሰው ረሃቡ አልበቃ ብሎ የደጋው ብርድ ተጨመረበት።

እነዚያ ፎቶዎች እውነት ናቸው። በሰውየውም ቅሬታ የለኝም፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ከላሊበላ ወደ ሰሜን ተራሮች በእግሩ እየሄደ አገሩን አንስቷል። ቅሬታዬ በራሳችን ነው። የራያን ሰው ዓለም በክፉ ቀኑ አየው፤ የደግ ቀኑን ፎቶ ግን እኛው ሣጥን ውስጥ ቆልፈንበታል።

ቆቦ፣ ዘመዴ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ አለ። ሦስት ጎረምሶች ፎቶ ቤት ገብተው ቆመዋል። የመሃሉ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ሁለት እጆቹን ጥሎበታል። የቀኙ ሰዓቱ እንዲታይለት እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቧል። ከፎቶው ጀርባ «ለማስታወሻ» ተብሎ በብዕር ተጽፏል፤ ስምም ዓመትም የለውም። ዘመዴ ሁለቱን ያውቃቸዋል። ሦስተኛውን የሚያውቁት የዘመዴ እናት ነበሩ፤ እሳቸውም አልፈዋል።

ከፎቶ ቤት ውጭ የተነሳውም ቢፈለግ አይጠፋም፦ የማሽላ አውድማ፣ ለሠርግ የተጣለ ዳስ፣ በነሐሴ ለሶለል በዓል ሹሩባ ተሠርተው የወጡ ልጃገረዶች።

አዲስ አበባ ላይ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራ ከየቤቱ አልበም የተሰበሰቡ አሮጌ ፎቶዎችን በመጽሐፍ አሳትሟል። ቆቦማ ከማንም በላይ መቸኮል አለባት፤ ጦርነት ደጋግሞ አልፎባታል። ቤት ሲዘረፍ ከብቱና እህሉ ይቆጠራል፣ አልበም ግን ማንም አይቆጥርም።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አይደለም። የሶለል ሰሞን ተማሪዎች በየቤቱ እየገቡ አሮጌውን ፎቶ በስልካቸው ቢያነሱ፣ የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዘመኑን ከባለቤቱ አፍ ቢጽፉ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ዋናው እዚያው ግድግዳው ላይ ይቆይ፤ ባለቤቱ ከፈቀደ ቅጂው ይበቃል። ቅጂውን ዘንድሮም ከርሞም ማንሳት ይቻል ይሆናል። ስሙን የሚነግሩን አዛውንቶች ግን ከርሞ ላይኖሩ ይችላሉና ጥያቄው ከእነሱ ይጀምር።