ለውሻ አጥንት መስጠት ደግነት ነውን?

በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ከሚገኙት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የቅቅልና የጥብስ አጥንት በፌስታል ታስሮ ወደ ቤት ይሄዳል፤ ተቀባዩም ጭራውን እየቆላ በር ላይ የሚጠብቀው ውሻ ነው። በአገር ቤት የውሻ ድርሻ አጥንት ነበርና ልማዱ ውቅያኖስ ተሻግሮ አብሮን መጥቷል። ውሻው ከግቢ ጠባቂነት ወደ ቤተሰብ አባልነት ቢያድግም አመጋገቡ አብሮት አላደገም።

አጥንት ጥርስ ያጸዳል የሚለው እምነት ጨርሶ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ማኘክ በጥርስ ላይ የተለጠፈውን ቆሻሻ በከፊል ይፍቃል። ችግሩ የጥንካሬ ነው። የሰው ጥርስ ኢናሜል እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ሲወፍር የውሻ ግን በአብዛኛው ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ከላይ በኩል ያለው ትልቁ ጥርሱ እንደ መቀስ ሥጋ ለመቁረጥ የተሠራ ስለሆነ፣ ደረቅ አጥንት ወይም የአጋዘን ቀንድ ሲነክስበት ጫናው በአንድ ጫፍ ላይ ያርፍና ገጹ ተሰንጥቆ ይነሣል። የሐኪሞቹ መመዘኛ ቀላል ነው፦ በአውራ ጣት ጥፍር ሲጫኑት ካልሰረጎደ ለውሻ ጥርስ ከሚገባው በላይ ጠንካራ ነው።

ይሁንና ዋናው ጠላት ስብራት ሳይሆን የድድ በሽታ ነው። የውሻ ምራቅ ከሰው ይልቅ አልካላይን በመሆኑ ጥርሱ እምብዛም አይቦረቦርም፤ በአንጻሩ ባክቴሪያ ያዘለው ፕላክ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማዕድን ስቦ ጠጠር ይሆናል። በሽታው ከድድ ሥር ሲዘልቅ ጥርሱን ያቀፈው አጥንት እየተበላ ይሄዳል። ውሻ ሕመሙን ደብቆ መብላቱን ይቀጥላል፤ የሚያሳብቅበት የአፉ ጠረን ነው። እኛ ደግሞ «የውሻ አፍ መቼስ!» ብለን እናልፈዋለን።

የተሟላ የጥርስ ጽዳት ሙሉ ማደንዘዣና ራጅ ስለሚጠይቅ በዚህ አካባቢ ኪስ ይጎዳል። በመሆኑም «ያለ ማደንዘዣ» የሚባለው ርካሽ አገልግሎት ብዙዎችን ይስባል። በካሊፎርኒያ ደንብ ጠጠር መፋቅ የሕክምና ሥራ ነው፤ ለማንኛውም ሰው የተተወው በብሩሽ፣ በጥጥ፣ በፋሻና በመሳሰሉት ማጽዳት ብቻ ነው። በእኔ እይታ ደንቡ ልክ ነው። የሚታየውን ጥርስ ብቻ ማንጣት የተሰነጠቀ ምሰሶን ቀለም ከመቀባት አይለይም፤ እንዲያውም ባለቤቱን ያዘናጋል።

በኦክላንድም ሆነ በሳን ሆዜ ለሚኖር ባለ ውሻ አዋጪው መንገድ የዕለት ብሩሽ ነው። በጉንጭ በኩል ያለውን ገጽ ማዳረስ ይበቃል፤ ጠጠር በብዛት የሚከማቸው እዚያ ነውና። የሰው የጥርስ ሳሙና ግን አይሆንም። ውሻ አይተፋም፣ ይውጠዋል፤ በአንዳንዱ ሳሙና ውስጥ የሚገኘው ዛይሊቶል ደግሞ የደሙን ስኳር በድንገት አውርዶ ሊገድለው ይችላል። የማኘኪያ ምግብ ሲገዙ እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው የእንስሳት የአፍ ጤና ምክር ቤት ማኅተም መኖሩን ማየት ይጠቅማል፤ ማኅተሙ የሚሰጠው ፕላክን ወይም ጠጠርን መቀነሱ በሙከራ ለታየ ምርት ነው። ከወጥ የተረፈው አጥንትማ ጥርስ ባይሰብር እንኳ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ።