ሹራቡ ለማን ነው?

ፓዌ ለተወለደ ሕፃን ወፍራም ሹራብ መላክ በጎ አድራጎት አይደለም። ይህን ስል የምትናደዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ከራሴ ልጀምር፤ ሹራቡን ከላኩት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝና።

ዓምና አዲስ አበባ ውስጥ የማውቃቸው ልጆች «ለአራስ ሕፃናት በእጃችን እንሥራ» ብለው ተሰባሰቡ። ኪሮሽ የሚችል በኪሮሽ፣ ሹራብ የሚችል በሹራብ መርፌ ይሠራል፤ የማይችል ክር ይገዛል። እኔ እጄ ለዚህ አልተፈጠረም። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ የምዝገባውን ፎርም ሠራሁ። ስም፣ ስልክ፣ የክር ቀለም፣ ብዛት፣ የሥራው ፎቶ። «ወዴት እንላከው?» ሲባል «ፓዌ!» ብዬ የጮህኩትም እኔ ነኝ። ያደግኩበት ነው፤ እናቴ አሁንም እዚያው ናት።

ሁለት ካርቶን ሞልቶ ሄደ። ፎቶው ተለጠፈ፣ ልቡም ኮሜንቱም ዘነበ። ከሳምንት በኋላ እማዬ ደወለች።

«ልጄ፣ ሹራቡ ለማን ነው?»

«ለሕፃናቱ ነዋ!»

«የምን ብርድ አግኝቷቸው?»

መጋቢት ነበር። ፓዌ የበለስ ወንዝ አካባቢ ያለች ቆላ ናት፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። እኛ የላክነው እጅጌው ረዥም፣ አንገቱ ዝግ፣ ላብ በማይመጥ ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ነው። «እናቶቹ ምን አሉ?» አልኳት። «አመስግነው ተቀበሉ፤ ምን ይበሉ ታዲያ? ለክረምት ብለው አስቀመጡት» አለችኝ። ክረምት ሲመጣ ልጁ አድጓል፤ ሹራቡ አይገባውም።

ማታ ፎርሙን ከፍቼ አየሁት። ሰጪውን ስለ ክሩ ቀለም ሳይቀር ይጠይቃል፤ ስለ ተቀባዩ አንድም ጥያቄ የለውም። ሕፃኑ ስንት ኪሎ ነው? አገሩ ይሞቃል ወይስ ይበርዳል? ምን ጎደለ? ለባንክ አፕ ስሠራ ደንበኛውን ሳላናግር አንዲት በተን አላስቀምጥም። ለድሃ ሲሆን ግን ጥያቄው ራሱ ትዝ አላለኝም። ይሄ የቴክኒክ ስህተት አይደለም፤ ንቀት ነው። በደግነት የተጠቀለለ ንቀት።

«ዋናው ልብ ነው፣ ከምንም ይሻላል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አይ፣ ሁልጊዜ አይሻልም። አውስትራሊያ ውስጥ ፊሊፕ ደሴት የሚባል ቦታ አለ። ባሕር ላይ ዘይት ሲፈስ የተበከሉት ፔንግዊኖች ላባቸውን ሲያጸዱ ዘይቱን እንዳይውጡ ትንንሽ ሹራብ ይለብሳሉ። ወሬው ዓለምን ሲያዳርስ ከየአገሩ ከሚያስፈልገው በላይ ሹራብ ጎረፈ፤ ትርፉን ለአሻንጉሊት ፔንግዊን እያለበሱ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ይሸጡት ጀመር። እነሱ ቢያንስ ትርፍ ነው ብለው ተናግረዋል። የፓዌ አራስ ግን «ትርፍ ነው» የምትልበት ማይክ የላትም።

ደግሞ ከየትም ቦታ በላይ ፓዌ ላይ! ፓዌ እኮ ሳይጠየቁ በተሰጣቸው ሰዎች የቆመች ናት። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደርግ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ሐዲያ እያነሳ ያሰፈራቸው ሰዎች ናቸው። መንደሮቹ ስም እንኳ አልወጣላቸውም፤ ቁጥር ነው የተሰጣቸው፣ ዛሬም በቁጥር ይጠራሉ። መሬቱ ላይ ቀድሞ የነበረውን ጉሙዝም «ይሁን ወይ?» ያለው የለም። የዚያ ሁሉ መዘዝ ምን እንደሆነ መተከልን የሚያውቅ ያውቀዋል። እማዬ ከወሎ በልጅነቷ የመጣች ናት። አንድ ካርቶን ሹራብ ከሰፈራ ጋር እኩል ነው አላልኩም። አመሉ ግን አንድ ነው፤ የሚበጅህን እኔ አውቅልሃለሁ።

«ይሄ ሁሉ ጣጣ ከሆነ የእጅ ሥራ ይቅርና ገንዘብ እንላክ» የሚሉ ጓደኞችም አሉኝ፤ ያው የኔው ቢጤ ኢንጂነሮች። አንድ ኮፍያ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ሰዓቱ በብር ስንት ነው፣ ከመርካቶ ቢገዛ ስንት ነው ብለው ያሰላሉ። እኔም አስልቼ ነበር። ስሌቱ የረሳውን የነገረችኝ እማዬ ናት።

«የጎደለው ምንድን ነው?» ብዬ በመጨረሻ ጠየቅኳት። ሲስተሯን አናግራ መልሳ ደወለች። ጊዜያቸው ሳይደርስ ለሚወለዱት የሚሆን ኮፍያና ካልሲ ነው የጎደለው። ቀኑን ያልጨረሰ ሕፃን በቆላም ይበርደዋል፤ ሰውነቱ ሙቀት መያዝ አይችልም፣ ከአካሉ ሲታይ ራሱ ትልቅ ስለሆነ ብዙ ሙቀት የሚያመልጠው በራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ የተጀመረው የካንጋሮ እንክብካቤ እንዲህ ያለውን ሕፃን ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ ያጣብቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ ሕፃኑ ከዳይፐር ሌላ የሚለብሰው ኮፍያና ካልሲ ብቻ ነው። ሱቅ ሂዱና ለአንድ ኪሎ ተኩል ሕፃን የሚሆን ኮፍያ ፈልጉ። ያለው ሁሉ አፍንጫው ድረስ ይወርዳል።

እጅ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። የሹራብ ማሽን እንግሊዝ አገር በ1589 ተፈልስፏል፤ ኪሮሽን ግን ፋብሪካ እስከ ዛሬ አልተካውም። በኪሮሽ የሚሠራ ሰው በፈለገው ዙር ያቆማል፤ ለብርቱካን የሚያክል ራስ ብርቱካን የሚያክል ኮፍያ ይሠራል። ግን መለኪያው ሲነገረው ነው። ሳይጠይቅ የሠራ እጅ ከፋብሪካ በምን ይሻላል?

ስለዚህ የምለው ይሄ ነው። ክር ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉ። ለቆላ ከሆነ ጥጥ ክር ይሁን፤ ላብ ይመጥጣል፣ ቢቀቀልም ይችላል። የአራሷን ፊት እንደ ደረሰኝ አትለጥፉ። ደግሞ ዳንቴል የሚችሉ ሴቶች ፓዌም ሞልተዋል፤ ክሩን ልካችሁ የእጃቸውን ዋጋ ብትከፍሏቸው ኮፍያውም ይደርሳል፣ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። «እኛ ራሳችን ካልሠራን ደስታው የታለ?» የምትሉ ካላችሁ፣ ስጦታው ለማን እንደነበር መልሳችኋል።

እማዬ አራስ ልትጠይቅ ስትሄድ ገንፎውን ከመቅመሷ በፊት የሕፃኑን ራስ በመዳፏ ትለካለች። በልጅነቴ መባረክ ይመስለኝ ነበር። ለካ ልኬት ነው። ፎርሙን እንደገና ሠርቼዋለሁ፤ አሁን መጀመሪያ የሚሞላው ተቀባዩ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄም «ምን ጎደለ?» ይላል።