የሞልድ ዋጋ ከጥጉ ይጀምራል

የፕላስቲክ ዕቃ ለማምረት ያሰበ ባለሀብት ስለ ማሽኑ ጉልበት፣ ስለ ጥሬ ዕቃው ዋጋና ስለ ሞልዱ ብረት አጥብቆ ይከራከራል። ስለ ዕቃው ጥግ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ክርክሩ መጀመር የነበረበት ቦታ ነው፤ የውሃ ጆግም ሆነ የዕቃ ሳጥን ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከጥግ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሹል ጥግ በዕቃው ላይ ያረፈውን ጫና ሁሉ አንድ መስመር ላይ ያከማቻል። የቀለጠ ፕላስቲክም በሹል ጥግ በኩል እንደ ልብ አይዞርም። ስለዚህ ዲዛይን አውጪው በኮምፒዩተሩ ላይ ጥጉን ማዞር አለበት። ግን ውጪውን ብቻ አዙሮ ውስጡን ሹል መተው፣ ወይም ውስጡን አዙሮ ውጪውን መርሳት ሥራ አይባልም። ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረውና የውስጡ ጥግ በ1 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ቢዞር፣ የውጪው በ3 ሚሊ ሜትር መዞር ይኖርበታል። አለበለዚያ ውፍረቱ ጥጉ ላይ ይለያያል። የወፈረው ቦታ ዘግይቶ ይቀዘቅዛል፣ ይሰረጉዳል፣ ዕቃውም ይጣመማል። ማሽኑ ያንን ሲጠብቅ የሚባክነው ጊዜ ደግሞ የባለሀብቱ ገንዘብ ነው።

ጥግ ማዞር ተጨማሪ ወጪ የሚመስላቸው አሉ። የተገላቢጦሽ ነው። የፍሬዛ መቁረጫ የሚሽከረከር ስለሆነ በሞልዱ ጉድጓድ ውስጥ ፍጹም ሹል ማዕዘን ማውጣት ይሳነዋል። ሹል ይሁን ካሉ ብረቱን በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚበላ ሌላ ማሽን ይገባል፤ ሒሳቡም ለብቻው ይመጣል።

የዞረ ሁሉ ደግሞ ለስላሳ አይደለም። ቀጥ ባለ ገጽ ላይ የክብ ቁራጭ ሲቀጠል መጋጠሚያው ለእጅ ችግር የለውም፤ ብርሃን ሲያርፍበት ግን ነጸብራቁ እዚያው ይሰበራል። ጉብጠቱ ቀስ በቀስ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ስለሚጀምር ነው። የመኪና አካል የሚሠሩት ይህንን ለመያዝ በኮምፒዩተሩ ሥዕል ላይ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ መስመር ያሳርፋሉ። ለጀሪካን ይህን ያህል መጨነቅ ገንዘብ ማባከን ነው። ለሽቶ ጠርሙስ ግን አይደለም።

ስሌቱም የመጣው ከመኪና ፋብሪካ ነው። በፈረንሳዩ ሲትሮየን ይሠራ የነበረው ፖል ደ ካስተልዦ እ.ኤ.አ. በ1959 በጥቂት ነጥቦች የሚታዘዝ ኩርባ የሚያወጣ ዘዴ አገኘ። ኩባንያው ግን ምስጢር ነው ብሎ ለዓመታት ቆለፈበት። በተፎካካሪው ሬኖ የነበረው ፒየር ቤዚዬ በ1960ዎቹ በራሱ መንገድ እዚያው ደርሶ ሥራውን አሳተመ። ኩርባው ዛሬ የሚጠራው በቤዚዬ ስም ነው። ሲትሮየን ምስጢሩን በመጠበቁ ምን እንዳተረፈ ነጋዴ አንባቢዎቻችን ይፍረዱ።

ለእኛ አስመጪ ዋናው ጉዳይ ፋይሉ ነው። ሞልድ አዝዞ ብረቱን ብቻ የተረከበ ሰው ዲዛይኑን አልገዛም። ሞልዱ ሲያረጅ ወይም ጥጉ መስተካከል ሲያስፈልገው ያንኑ አምራች በውጭ ምንዛሪ ይለማመጣል። ስለዚህ የፋይሉ ርክክብ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ዓይነቱም ጭምር። ኤስ.ቲ.ኤል. የሚባለው ገጹን በትናንሽ ጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘኖች ስለሚሸፍነው ክቡ ክብ መሆኑ ይቀራል። ለናሙና ማተሚያ ይበቃል፣ ለሞልድ ሥራ ግን አይመችም። ስቴፕ የሚባለው፣ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ቁጥር 10303 የተመዘገበው፣ ኩርባውን እንደ ኩርባ ይዞ ይጓዛል። ዲዛይኑ የተሠራበት ፕሮግራም የራሱ ፋይል ቢገኝ ደግሞ ይመረጣል፤ በደንብ ከተሠራ 3 ሚሊ ሜትሩን ወደ 4 ማሳደግ አንድ ቁጥር መቀየር ነውና።

አንዳንድ አምራቾች ፋይል አንሰጥም ይላሉ። ዲዛይኑን በራሳቸው ወጪ አውጥተውት ከሆነ መብታቸው ነው፤ እንግዲያው ዋጋውን ለይተው ቀብዱ ሳይላክ በፊት ይንገሩን። የመጨረሻው ክፍያ ከመለቀቁ በፊትም ናሙናውን ማስመጣትና ጥጉ ላይ በመጋዝ አስቆርጦ ውፍረቱን በካሊፐር መለካት ይገባል። ይህ ደግሞ የግማሽ ሰዓት ሥራ እንኳ አይሆንም።