ቱርቦው ከመቀየሩ በፊት፦ ያረጁ ተሽከርካሪዎችና የጥገና ዕውቀት በሙዱላ መስመር

የጠምባሮ ልዩ ወረዳ መቀመጫ ከሆነችው ሙዱላ ወደ ሐዳሮ፣ ወደ ዱራሜና ወደ ሆሳዕና የሚወጣው ዝንጅብልም ሆነ ወደ ከተማዋ የሚገባው ሸቀጥ በአመዛኙ የሚጓጓዘው ረጅም ዓመት ባገለገሉ የናፍጣ ተሽከርካሪዎች ነው። አንድ ተሽከርካሪ ጋራዥ ሲገባ ጉዳቱ በባለንብረቱ ላይ ብቻ አይቀርም። አርሶ አደሩ የገበያ ቀን ያልፈዋል፤ ነጋዴው የጨመረበትን የማጓጓዣ ወጪ በሸማቹ ላይ ያክላል።

እነዚህ ተሽከርካሪዎች ከመንገድ ቶሎ የሚወጡ አይመስልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ክልከላ ጣለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ይህንኑ ጭማሪ ይሸከማል። ስለዚህ ያለውን ተሽከርካሪ በትክክል መጠገን የኑሮ ውድነት ጉዳይም ሆኗል።

ቀደም ሲል በአካባቢው የተለመዱት የቶዮታ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች ቱርቦ አልነበራቸውም። ከእነርሱ በኋላ በሃይሉክስና በሚኒባሶች ላይ የመጣው 2ኬዲ ግን ባለ ቱርቦ ነው። ቱርቦ በሞተሩ የጭስ ግፊት እየተሽከረከረ ንጹሕ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ሆሳዕና የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ጭነት ይዞ ዳገት ለሚወጣ መኪና ይህ ዕቃ ትልቅ አቅም ነው። ሆኖም ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል፤ የሚሽከረከረውም በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፎ ነው። ዘይቱ ለአጭር ጊዜ ቢቋረጥ ወይም ቢቆሽሽ ይጎዳል።

ኪሳራው የሚጀምረው ከምርመራ ጉድለት ነው። መኪናው ጉልበት ሲያጣ «ቱርቦው ሞቷል» ተብሎ ይፈረድበታል፤ አዲስ ይገዛለታል፤ ችግሩ ግን ባለበት ይቀጥላል። ጥቁር ጭስ ብዙውን ጊዜ የአየር ማነስን ወይም የነዳጅ መብዛትን ያመለክታል። ምክንያቱ የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ወይም ከቱርቦ ወደ ሞተር በሚሄደው መስመር ላይ የተሰነጠቀ ጎማ ሊሆን ይችላል። ይህም በጥቂት ወጪ የሚስተካከል ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል፤ ዘይቱ ግን በቱርቦው ብቻ ሳይሆን ባለቁ የፒስተን ቀለበቶችም ሊገባ ይችላል። የዘይት መመለሻው ቱቦ ከተዘጋ ደግሞ ጤነኛ ቱርቦም ዘይት ያፈሳል። ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወይም ወደ ሞተሩ የገባ የራዲያተር ውኃ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ምርመራው ከርካሹ ወደ ውዱ ቢሄድ ይበጃል፦ መጀመሪያ ማጣሪያውን፣ ቀጥሎ ጎማዎቹንና ማሰሪያዎቻቸውን፣ ከዚያ የዘይት መስመሮቹን ማየት፤ በመጨረሻ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የቱርቦውን ዘንግ በእጅ መነቅነቅ። ምላጮቹ ከቤታቸው ጋር ከተፋተጉ ወይም ከተሸረፉ ጥርጣሬው እርግጥ ይሆናል።

ቱርቦው በእርግጥ ተበላሽቶ ቢገኝም «ምን ገደለው?» የሚለው ጥያቄ መመለስ አለበት። በ1ኬዲና በ2ኬዲ ሞተሮች ከኢንጄክተሮቹ ሥር ያሉት የመዳብ ማሸጊያዎች ሲያረጁ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል። ጥላሸቱ ዘይት የሚመጠጥበትን ወንፊት ይደፍነዋል። ይህ ሳይጸዳ የሚገጠም አዲስ ቱርቦ እንደ ፊተኛው ይቃጠላል፤ ሞተሩም ሊከተለው ይችላል።

አሽከርካሪውም ድርሻ አለው። ዳገት ወጥቶ የደረሰ መኪና ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ቢቆይ ዘይቱ የጋለውን ዘንግ ያቀዘቅዛል። በበጋ አቧራ በሚበዛባቸው የገጠር መንገዶች የአየር ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ መፈተሽ፣ ዘይቱንም በጊዜው መቀየር ከየትኛውም ጥገና ይረክሳል።

ቀሪው የተቋማት ሥራ ነው። በአካባቢው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለነባር መካኒኮች በባለ ቱርቦ ሞተሮች ምርመራ ላይ አጫጭር ሥልጠና ቢሰጡ፣ ጋራዦችም የተቀየረውን ዕቃና የብልሽቱን መነሻ ጽፈው ለባለንብረቱ ቢያስረክቡ፣ ለአንድ ብልሽት ሁለት ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ ይቀንሳል። ያ ገንዘብ በመጨረሻ የሚወጣው ከዝንጅብሉ ዋጋና ከተሳፋሪው ኪስ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።