መሙላት መጠገን አይደለም

አንድ አውቶሞቢል ከቆመበት ሲነሣ ከሥሩ መዳፍ የሚያህል፤ ቀላ ወይም ጠቆር ያለ የዘይት ምልክት ትቶ መሄዱን በከተማችን የማያይ ሰው የለም። እግረኛው እንዳያዳልጠው ዘወር ብሎ ያልፋል እንጂ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ባለ መኪናውም ቢሆን የፈሰሰው የሞተር ወይም የፍሬን ዘይት አለመሆኑን ካወቀ ልቡ ያርፍና «የመሪ ዘይት ነው፤ ምንም አይደለም» ብሎ ከመቀመጫው ሥር ያኖራትን ጠርሙስ አውጥቶ ጨመር ያደርግና ጉዞውን ይቀጥላል። ይህ «ምንም አይደለም» የሚለው ቃል ደኅናውን መኪና እያበላሸ፤ ሰውንም ላልታሰበ ወጪና ለአደጋ እያጋለጠ ስለ ሆነ ነገሩ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ስለ መሪ ዘይትና ዘይቱን ስለሚያመላልሰው ቱቦ፤ ይልቁንም ያፈሰሰ ቱቦ በሚለወጥበት ጊዜ አሮጌው ዘይት ምን መደረግ እንዳለበት የሚሰማኝን ለአንባብያን ላቀርብ እወዳለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በቀድሞው ዘመን መሪ ማዞር የጉልበት ሥራ ነበር። ጭነት የያዘ መኪና የሚነዳ ሾፌር ክንዱ የጠነከረ፤ ትከሻውም የሰፋ መሆን ነበረበት። ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ሠርቶ በፒርስ አሮው አውቶሞቢል ላይ ገጥሞ አሳየ። ይሁን እንጂ ይህ ዐይነቱ መሪ ለሕዝብ በሚሸጥ የቤት አውቶሞቢል ላይ ተገጥሞ ገበያ የወጣው ከ25 ዓመት በኋላ በ1951 ዓ.ም. በክራይዝለር ኢምፔሪያል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥበቡ ዓለምን ሁሉ አዳርሶ፤ ዛሬ በአገራችን ከሚመላለሱት አሮጌ ኮሮላዎች፤ የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች የብዙዎቹ መሪ የሚታገዘው በዚሁ በዘይት ነው።

አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። ከሞተሩ ኃይል እየተቀበለ በችንጋ የሚሽከረከር አንድ ፓምፕ አለ። ፓምፑ ከትንሽ ማጠራቀሚያ ዘይት ይስብና በአንድ ወፍራም ቱቦ አድርጎ ጥርሶቹ ወዳሉበት ወደ መሪው ሳጥን በኃይል ይገፋዋል። ሾፌሩ መሪውን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ሲያዞር ዘይቱ በዚያው አቅጣጫ እየገፋ ያግዘዋል። ሥራውን የፈጸመው ዘይት ደግሞ ግፊቱ ዝቅ ባለ በሁለተኛ ቱቦ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። መሪው እስከ ዳር በሚጠመዘዝበት ጊዜ በመጀመሪያው ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት 70 ባርና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ ይህም በትንሽ አውቶሞቢል ጎማ ውስጥ ካለው የአየር ግፊት 30 ጊዜ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ቱቦው ይህን ግፊትና የሞተሩን ትኩሳት ለብዙ ዓመት ተሸክሞ ከኖረ በኋላ መድረቁ፤ መሰንጠቁና እንዳላበው ሰው ወዝ ማውጣት መጀመሩ የማይቀር ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ቤንዚን ይቃጠላል፤ ስለዚህ ያልቃል። የሞተር ዘይትም ቢሆን ጥቂት በጥቂት ሊቃጠል ይችላል። የመሪ ዘይት ግን ከማጠራቀሚያ ወደ ፓምፕ፤ ከፓምፕ ወደ መሪው ሳጥን፤ ከዚያም ወደ ማጠራቀሚያ እየተመላለሰ ይኖራል እንጂ አይቃጠልም፤ አይበላምም። እንግዲህ ከምልክቱ በታች ወርዶ የተገኘ እንደ ሆነ መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ ፈሷል። በየሳምንቱ ጠርሙስ እየገዛ የሚጨምር ሰው በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደሚቀዳ ሰው ነው። ድካሙም ወጪውም አያልቅም፤ እንስራውም አይሞላም።

ዘይቱ ሲጎድል አስቀድሞ አቤት የሚለው ፓምፑ ነው። መሪው በዞረ ቁጥር የማልቀስና የማጉረምረም ድምፅ ያሰማል። ፓምፑን የሚያለሰልሰው ያው ራሱ የሚገፋው ዘይት ስለ ሆነ፤ ዘይቱን አጥቶ አየር ሲስብ ብረት ከብረት ጋር ይፋጫል። የተፋቀውም የብረት ብናኝ ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ ወደ መሪው ሳጥን ይሄዳል። በአንድ ቱቦ የጀመረው ጉዳት እንዲህ እያለ ወደ ፓምፕ፤ ከፓምፕም ወደ መሪው ሳጥን ይሸጋገራል።

ቱቦው በድንገት የፈነዳ እንደ ሆነ ደግሞ መሪው ከጎማዎቹ ጋር ያለው ግንኙነት ባይቋረጥም እገዛው ባንድ ጊዜ ይጠፋና ክብደቱ ሁሉ በሾፌሩ ክንድ ላይ ይወድቃል። ይህ በሜዳ መንገድ ላይ ቢደርስ ዳር ይዞ መቆም ይቻላል። ነገር ግን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፤ ሕዝብ የጫነ አውቶቡስ እጥፉን ሊዞር ሲል የደረሰ እንደ ሆነ ምን ሊከተል እንደሚችል ለማወቅ ብዙ ምርምር አያሻም። ከዚህም ሌላ የሚረጨው ዘይት በጋለ የጢስ ማውጫ ላይ ካረፈ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ቱቦው ይለወጥ በሚለው ሁሉም ይስማማል እንበል። ክርክሩ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንዶቹ ባለሞያዎች «ቱቦው ሲፈታ የሚፈሰው ይፍሰስ፤ የቀረው ይቅር፤ አዲሱን አስረን የጎደለውን እንሙላ» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ለመፍታት ከተነሣን አሮጌው ዘይት በሙሉ ይውጣ» ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ፈጽሞ ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም። ዘይቱ ገና ቀይና ንጹሕ ከሆነ፤ ቱቦውም የተበላሸው ከውጭ ከብረት ጋር ተፋቅጎ ከሆነ የጎደለውን ብቻ መሙላት መኪናውን አይጎዳውም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ወደ ጋራዥ የሚገባው መኪና ዘይቱ ለዓመታት ሳይለወጥ የኖረ፤ ቀይነቱ ጠፍቶ የቡና አተላ የመሰለ፤ ሲያሸቱትም የተቃጠለ ነገር የሚሸት ነው።

እኔ በበኩሌ የሁለተኞቹን አሳብ እደግፋለሁ፤ ምክንያቴም ሦስት ነው። አንደኛ፤ ያረጀ ቱቦ ከውስጥ እየተቀረፈ የጎማ ፍርፋሪ ወደ ዘይቱ ስለሚጥል፤ ያንን ዘይት ትቶ አዲስ ቱቦ ማሰር «ቂም ይዞ ጸሎት፤ ሳል ይዞ ስርቆት» የተባለውን ይመስላል። ሁለተኛ፤ መኪናው አንድ ጊዜ ከተነሣና ቱቦው ከተፈታ አሮጌውን ዘይት ጨርሶ ለማውጣት የሚጠይቀው ተጨማሪ ድካም ጥቂት ነው፤ ሌላ ቀን ልመለስበት ቢሉ ግን ሥራው እንደ ገና ከሀ መጀመር ነው። ሦስተኛውና ዋናው፤ በየመንገዱ ከየሱቁ እየተገዛ ሲጨመር የኖረው ዘይት ምን ዐይነት እንደ ሆነ ባለቤቱም ሜካኒኩም አያውቁትም። የማያውቁትን ነገር በአዲስ ዕቃ ውስጥ ማኖር ብልኅነት አይደለም።

ሥራው የሚያስፈራ አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ በማጠራቀሚያው ያለው ዘይት በትልቅ ስሪንጅ ይመጠጣል። የመኪናው ፊት በክሪክ ይነሣና በጠንካራ ብረት ድጋፍ ላይ ያርፋል፤ ክሪክ ብቻ አምኖ ከሥር መግባት ሕይወትን በከንቱ መስጠት ነው። ከዚያም የመመለሻው ቱቦ ከማጠራቀሚያው ተነቅሎ ጫፉ ወደ ባዶ ጄሪካን ይገባል፤ የማጠራቀሚያውም ቀዳዳ ይደፈናል። አንድ ሰው ሞተሩን ሳያስነሣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያለ ሲያመላልሰው አሮጌው ዘይት እየተገፋ ይወጣል፤ በትንሽ አውቶሞቢል ጠቅላላው አንድ ሊትር ያህል ነው። ቱቦው በሚታሰርበት መገጣጠሚያ ያሉት ትናንሽ የብረት ወይም የጎማ ቀለበቶችም አብረው ይለወጡ፤ በአሮጌ ቀለበት የታሰረ አዲስ ቱቦ ብዙ ሳይቆይ ያንኑ ወዝ ማውጣቱ አይቀርም።

አዲስ ዘይት ከተሞላ በኋላ አሁንም ሞተሩ ሳይነሣ መሪው ወዲያና ወዲህ ይዞራል። አየሩ እየወጣ ዘይቱ ዝቅ ሲል ይጨመራል። ሞተሩ የሚነሣው ዘይቱ መውረዱን ሲያቆም ነው። በማጠራቀሚያው አረፋ ከታየ አየር ገና አለና ሞተሩን አጥፍቶ መጠበቅ ይገባል። መሪውንም ዳር አድርሶ ከጥቂት ሰኮንድ በላይ ይዞ መቆየት ፓምፑን ያስጨንቀዋል።

ዘይቱን መምረጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። በብዙዎቹ የቀድሞ ቶዮታዎች የሚገባው ዴክስሮን የሚባለው ቀዩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። የሆንዳ ፋብሪካ ለመሪው የራሱን ዘይት ያዝዛል፤ ከአውሮፓ መኪናዎችም አረንጓዴውን ዘይት የሚሹ አሉ። ስለዚህ የማጠራቀሚያውን ክዳንና የመኪናውን መጽሐፍ ማንበብ ከጎረቤት ምክር ይበልጣል። ከሁሉ የከፋው በችኮላ የፍሬን ዘይት በመሪው ማጠራቀሚያ መጨመር ነው። የፍሬን ዘይት ባሕርዩ ሌላ ስለ ሆነ የመሪውን ጎማዎች አሳብጦና አለስልሶ ያበላሻቸዋል። የመሪውን ዘይት ወደ ፍሬን ማጠራቀሚያ መጨመር ደግሞ የፍሬኑን ጎማዎች አበላሽቶ መኪናውን ያለ ፍሬን ያስቀራል። ሁለቱ ጠርሙሶች በአንድ መደርደሪያ ላይ ስለ ተቀመጡ ወንድማማች መስለው ሊታዩን አይገባም።

ወደ ጄሪካኑ የወረደው አሮጌ ዘይትስ? ብዙ ጊዜ ከጋራዡ በር ላይ ወደ ቦይ ይደፋል። ቦዩ ወደ ወንዝ፤ የአዲስ አበባ ወንዞችም ወደ አቃቂ፤ አቃቂም ወደ አዋሽ ይወርዳል። በአቃቂ ውኃ አትክልት ይለማል፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። እንግዲህ በቦይ የደፋነውን ዘይት በጎመንና በሰላጣ መልሰን ልንገናኘው ነው ማለት ነው። ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ አጠራቅሞ ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስቡ ማስረከብ ትልቅ ጥረት አይጠይቅም።

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ላለው ሰው ነው፤ የዕለት ጉርሱን ከመኪናው ለሚያገኝ ባለ ታክሲ አይሆንም» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተቃውሞው ከችግር የመነጨ ስለ ሆነ በንቀት አልመልሰውም። ነገር ግን በሒሳብ እንነጋገር። አንድ ወይም ሁለት ሊትር ዘይትና አንድ ቱቦ በአንድ በኩል፤ ፓምፕና የመሪ ሳጥን በሌላ በኩል ቢመዘኑ የትኛው እንደሚከብድ ባለ ታክሲው ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። መኪናው ቆሞ የሚውልባቸው ቀኖች ደግሞ የጉርሱ ማጣት ናቸው። እንዲያውም ዘይቱን በጊዜው መለወጥ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሌላ መኪና መግዛት ለማይችለው ሰው ነው።

ዘመኑም ይህንኑ ያስገድደናል። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መሪ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. በሱዙኪ ሴርቮ ከተጀመረ ወዲህ ተስፋፍቶ፤ በከተማችን በብዛት ከሚታዩት ቪትዞች እንኳ ብዙዎቹ ለመሪው ዘይትም ቱቦም አያስፈልጋቸውም። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት አዳዲስ አውቶሞቢሎችም እንደዚሁ ናቸው። ይሁን እንጂ በዘይት የሚታገዙት አሮጌዎቹ መኪናዎች በአንድ ቀን ከመንገድ አይወጡም። ምትካቸው በቀላሉ ስለማይገኝ ረዘም ላለ ዘመን ሊያገለግሉን ነው፤ ሊያገለግሉን ከሆነ ደግሞ እኛም እንደሚገባ ልንይዛቸው ግድ ነው።

ስለዚህ ባለ መኪናው በየሳምንቱ ክዳኑን ከፍቶ ይመልከት፤ ዘይቱ ከጎደለም ከመሙላቱ በፊት የት ሄደ ብሎ ይጠይቅ። ሜካኒኩ ቱቦ ሲለውጥ አሮጌውን ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ አንጠብጥቦ ለባለቤቱ ያሳየው፤ ዐይን ያየውን ልብ አይክድምና ከዚያ በኋላ ክርክር አይኖርም። የመንጃ ፈቃድ የሚያስተምሩትም ተማሪው መሪ ማዞርን ብቻ ሳይሆን መሪው በምን እንደሚዞር እንዲያውቅ ያድርጉ። ለመኪናው ዘይት የነፈገ ሾፌር ውሎ አድሮ ለፓምፕና ለመሪ ሳጥን መክፈሉ አይቀርም፤ ከሥር የምትንጠባጠበውን ቀይ ጠብታ ዛሬ የጠየቀ ግን በመንገዱም በኪሱም ሰላም ይሆንለታል።