በጠመኔ የሚሮጥ ሩጫ

በሀገራችን ትምህርት ቤቶች ስም እንጂ ግብር የሌለው አንድ የትምህርት ዓይነት አለ። በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ ይነበባል፤ በሰርተፊኬቱ ላይ ማርክ ይሰጥበታል፤ መምህር ተመድቦለታል፤ መጽሐፍም ታትሞለታል። ትምህርቱ ግን የለም። ታላላቆቻችን በአጭሩ «ስፖርት» ይሉት ነበር። ቆየት ብሎ «ሰውነት ማጎልመሻ» ተባለ። ዛሬ ደግሞ «ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ» ሆኗል። በምዕራብ ሐረርጌ ተማሪዎች አፍ «ጀቤኛ ቃማ» ነው፤ የአካል ጥንካሬ ማለት ነው። ስሙ ከዘመን ዘመን እየረዘመ ሄደ፤ ሥራው ግን በዚያው ልክ እያጠረ መጣ።

ይህን የምለው አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ተቀምጬ በሰማሁት ወሬ አይደለም። ከጭሮ፣ ከቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ ማለቴ ነው፣ ተነስቼ በበዴሳና በገለምሶ አልፌ መቻራ ድረስ ዘልቄያለሁ። መቻራ ከአዲስ አበባ 434 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከጭሮ ደግሞ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ የዳሮ ለቡ ከተማ ናት። ቡናና ጫት ይበቅልባታል፤ የግብርና ምርምር ማዕከል አላት፤ በዙሪያዋ ያሉት ዋሻዎች ስም አውጥተውላታል። ወደ አርሲና ወደ ባሌ የሚያሻግረው መንገድም በእርሷ በኩል ያልፋል። ይህን መንገድ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚህ መስመር ከሚገኙት ትምህርት ቤቶች በአንዱ (ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ጉዳዩ የአንድ ትምህርት ቤት አይደለምና) የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲሰጥ አየሁ። ሜዳው ከመስኮቱ ውጭ ፀሐይ እየመታው ባዶውን ተኝቷል። ተማሪዎቹ ግን ለሦስት ለአራት በአንድ ዴስክ ተጠባብቀው ይጽፋሉ። መምህሩ የመረብ ኳስ ሕግ በጥቁር ሰሌዳው ላይ እየገለበጡ ነው፦ የመረቡ ከፍታ ለወንዶች 2 ሜትር ከ43፣ ለሴቶች 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር። ልክ ነው፤ አንዲት ሳንቲ ሜትር አልሳቱም። ከክፍሉ ስወጣ አንዱን ልጅ «መረቡን አይተኸው ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ፈተና ላይ ይመጣል» አለኝ።

መልሱ ይኸው ነው! ከዚህ በላይ ምን ጥናት ያሻል? ዋናን በጠመኔ፣ ሩጫን በደብተር፣ ንጽሕናን ውኃ በሌለበት ግቢ ውስጥ እናስተምራለን። ከዚያም «85 አመጣ» ብለን ሰርተፊኬት እንሰጣለን። መምህሩን አልወቅስም። ኳስ ሳይሰጡት «አጫውት»፣ ውኃ ሳይስቡለት «አስታጥብ» የተባለ ሰው ጠመኔውን ቢያነሳ ምን ይደንቃል? የምወቅሰው ይህ ነገር ትምህርት ይባላል ብሎ የፈረመውን ሁሉ ነው።

በወረቀት ላይ እንኳ ነገሩ የተናቀ አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአጠቃላይ ዓላማዎቹ በመጀመሪያው ላይ የግለሰቦችን አካላዊና አእምሯዊ አቅም ማጎልበት ሲል አካልን አስቀድሞ ነበር የጠራው። በዓለም ደረጃም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው፣ በ2015ም ባሻሻለው ቻርተር የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የሰው ልጅ ሁሉ መብት መሆኑን ደንግጓል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ሰውነቱን በሚገባ ያንቀሳቅስ ይላል። በሳምንት ሲደመር 420 ደቂቃ መሆኑ ነው። በእኛ ዘንድ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ አለ ብንል፣ እርሱም ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ሜዳ ላይ ዋለ ብንል፣ የ40 ደቂቃው ሂሳብ 80 ላይ ይቆማል። ያንኑ 80 ደቂቃ ነው በጠመኔ አቧራ የምንቀብረው።

መከላከያዎቹን አውቃቸዋለሁ። አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው «የገጠር ልጅ ስፖርት ምን ያደርግለታል? ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ይመጣል፤ ሲመለስ ከብት ይጠብቃል፤ ውኃ ይቀዳል» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በመኪና የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። የ12 ዓመት ልጅ ያንን ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ወገቧ ይጎብጣል እንጂ አይጎለምስም። ሥራ አካልን ይጠቀምበታል፤ ትምህርት አካልን ያውቀዋል። ሸክም እንዴት እንደሚነሳ፣ ጉልበት መቼ እንደሚታጠፍ፣ መቼ ማረፍ እንደሚገባ፣ ወለምታ ሲደርስ ምን እንደሚደረግ ሊማር የሚገባው እንዲያውም ይኸው በጉልበቱ የሚኖረው የገጠር ልጅ ነው። ደግሞስ ልጅ አይደለም እንዴ? ጨዋታ አያምረውም?

ሁለተኛው «ሜዳ የለም፣ ኳስ የለም፣ ጫማ የለም» ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን እዚህ ላይ የሚጠቅስ ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ባዶ እግርን መፈክር ማድረግ አልወድም፤ ጫማ ላለመግዛት ሰበብ ይሆናልና። ይልቅ መንገዱን እናስታውስ ብዬ ነበር። ከመቻራ ወደ አርሲ የሚወስደውን ማለቴ ነው። አርሲ ውስጥ በቆጂ የምትባል ከተማ አለች። ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን በለጋነታቸው ያሠለጠነው ስንታየሁ እሸቱ ሥራውን የጀመረው በዚያች ከተማ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኖ ነው። ስታዲየም አልነበረውም። ደጋውን፣ ዳገቱን፣ ፊሽካውንና ልጆቹን ይዞ ተነሳ። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ለጥቁር አፍሪካውያት ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ከዚያ ሜዳ ተነስታ ነው። ሁሉም ልጅ ደራርቱ ይሁን አላልኩም። አንድ መምህር ልጆቹን ከክፍል አውጥቶ ሲያሮጥ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት ነው። ገመድ ለመዝለል፣ የጨርቅ ኳስ ለመስፋት፣ ሜዳውን በአመድ ለማስመር የበጀት ደብዳቤ አያስፈልግም።

ሦስተኛው መከላከያ ጠንከር ያለ ነው። «ልጆቹ በማትሪክ እየወደቁ ስለ ኳስ ታወራለህ?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ልብ የሚሰብር ቁጥር ነው። ነገር ግን ሰውነት ማጎልመሻ በሀገር አቀፉ ፈተና ውስጥ የለም። በዚህም ምክንያት ሂሳብ ሲያልቅበት ከማን ክፍለ ጊዜ እንደሚበደር እያንዳንዳችን ተማሪ ሆነን ያየነው ነው። እንግዲህ ሜዳውን መዝጋት ሂሳብ ቢያስተምር ኖሮ ኢትዮጵያ ይህን ጊዜ የሂሳብ ሊቃውንት አገር በሆነች ነበር። ልጁን ከሜዳው ነጠቅነው፤ ለሂሳቡም አልሆነም። ሁለቱንም አጣን።

አራተኛው ስለ ሴቶች ልጆች የሚነሳው ነው። «ባህሉ፣ ሃይማኖቱ አይፈቅድም» ይባላል። በሐረርጌ ይህ ቃል ከባድ ነው፤ ቀልድም አይደለም። ግን ፋጡማ ሮባ ማን ናት? የአርሲ ሙስሊም ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ የማራቶን ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ናት። የእግር ኳስ ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ2014፣ የቅርጫት ኳሶቹም በ2017 ተጫዋቾች ፀጉራቸውን ሸፍነው እንዲጫወቱ ፈቅደዋል። ሻርፕ የለበሰች ልጅ መሮጥ ትችላለች። ሴቶቹን ከጎረምሶች ዓይን ለይቶ ማጫወት፣ ሰፊ ሱሪና ረጅም ሸሚዝ መፍቀድ፣ ቢቻል ሴት መምህር መመደብ ነው ያለብን። እናቶች የሚሰጉት ልጃቸው እንዳትታይ እንጂ ጤነኛ እንዳትሆን አይደለም። ደግሞም በወር አበባዋ ቀን ከትምህርት ቤት የምትቀረው ባህሉ ከልክሏት ሳይሆን መጸዳጃው በር ስለሌለው፣ ቧንቧው ስለደረቀ፣ ስለ ገላዋም በግልጽ የነገራት ሰው ስለሌለ ነው። ይህ ታዲያ የማን ትምህርት ነው? ስሙ ላይ «ጤና» ብሎ የጻፈው ትምህርት አይደለምን?

አሁን ሁሉም የሚሸሸው ነገር ላይ ደረስን፤ ጫት ላይ።

ለምዕራብ ሐረርጌ ልጅ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ስታስተምረው ኮኬይንና ሄሮይን ብለህ ትጀምራለህ። አይቶትም፣ ሰምቶትም የማያውቀውን! ጓሮው ውስጥ ያለውን ቅጠል ግን በስሙ አትጠራውም። ለምን? መምህሩም ስለሚቅም፣ ርእሰ መምህሩም ባርጫ ስላለባቸው፣ የልጁ ደብተርና ዩኒፎርም የተገዛውም በዚያው ቅጠል ስለሆነ። ዝምታው ከዚህ ይመነጫል።

እኔ ጫቱ ይነቀል የምል ሰው አይደለሁም። ቡናው ዋጋ ሲያጣ ገበሬውን ያቆመው ጫት መሆኑን አውቃለሁ፤ ከከተማ ሄዶ የሰው ጓሮ ላይ መፍረድም አልወድም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችም እ.ኤ.አ. በ2006 መርምረው ጫት በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ይግባ አላሉም። እንግሊዝ በበኩሏ በ2014 ከልክላዋለች። ክርክሩ የአዋቂዎች ነው፤ ይቀጥል። የ14 ዓመቱ ልጅ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም። የፈረቃ ትምህርት ቤት ቀትር ላይ ይለቀዋል። ሜዳ የለውም፤ ቤተ መጻሕፍት የለውም፤ ያለው ባርጫ ነው። በፈተና ሰሞን ደግሞ «ያነቃል» ተብሎ ይቅማል፤ ሌሊቱን ሳይተኛ ያነጋል፤ ጧት ፈተናው ላይ ያንጎላጃል።

ለዚህ ልጅ መነገር ያለበት ስብከት አይደለም፤ እውቀት ነው። በእርጥቡ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር እንዳለ፣ ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ስለሚደክም ነጋዴው በዚያ ፍጥነት መኪና የሚያበረው ለዚህ እንደሆነ ይነገረው። የምግብ ፍላጎትን እንደሚዘጋ፣ በማደግ ላይ ላለ አካል ደግሞ ምግብ ማለት አጥንትና ጡንቻ መሆኑን ይማር። የልብ ምትንና የደም ግፊትን እንደሚጨምር፣ እንቅልፍ እንደሚነሳ፣ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ያጠናውን እንደማይዝ ይወቅ። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣውን ድብርት፣ ድብርቱን ለማብረድ የሚኬድበትን ጨብሲ ይረዳ። ቢያንስ ቢያንስ ተባይ ማጥፊያ የተረጨ ቅጠል ሳይታጠብ አፍ ውስጥ እንደማይገባ ይማር! ይህን በጫት አገር የማያስተምር የጤና ትምህርት በወንዝ ዳር ተቀምጦ ስለ ውኃ አደጋ እንደማይናገር ነው።

የአዲስ አበባ አንባቢዬ ይህን እያነበበ «ወይ የገጠር ልጆች!» ብሎ ከንፈሩን እንዳይመጥ። የእርሱ ልጅ በወር ብዙ ሺህ ብር የሚከፈልበት፣ የመኖሪያ ቪላ ተከራይቶ «አካዳሚ» የሚል ሰሌዳ በሰቀለ ግቢ ውስጥ ነው የሚማረው። ግቢው መኪና ሲቆምበት ልጅ መቆሚያ አያገኝም። የመቻራው ልጅ ሜዳ አለው፤ ትምህርት የለውም። የእርሱ ልጅ ሜዳም የለውም። በዓመት አንድ እሑድ ቲሸርት ለብሶ ታላቁን ሩጫ መሮጥ ደስ ይላል፤ የቀሩትን ቀኖች ግን አይተካም። ይህም የእኛ ብቻ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. የ2016ን መረጃ ይዘው ሲያሰሉ በዓለም ላይ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ታዳጊዎች 81 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም። የበሽታው ስም አንድ ሆኖ መግቢያ በሩ ይለያያል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ትምህርቱ ለተማረበት ሰው ይሰጥ፤ ክፍለ ጊዜ የጎደለበት መምህር ማሟያ መሆኑ ይቅር። ሁለተኛ፣ ማርኩ በደብተር ሳይሆን በሥራ ይሰጥ። ልጁ በመስከረም ስንት ዙር ሮጠ፣ በሰኔስ ስንት? ፈተናው ይኸው ነው፤ ከሌላው ሳይሆን ከራሱ ጋር ይወዳደር። ሦስተኛ፣ የሴቶች ሰዓት፣ በር ያለው መጸዳጃና የእጅ መታጠቢያ ውኃ ከኳስ በፊት ይምጣ። አራተኛ፣ የጫት ምዕራፍ በስሙ፣ በአካባቢው ቋንቋ፣ ወላጆች ባሉበት ይሰጥ። አምስተኛ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ ለሱቅና ለመጋዘን አይቆረስ፤ ለትምህርት ቤት ያለ ሜዳ ፈቃድ አይሰጥ።

ጨርጨር በአንድ ወቅት አርአያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ተክለ ሃዋርያት ተክለ ማርያም ሲያስተዳድሯት ለቀረው አገር ምሳሌ እንድትሆን የታሰበች ግዛት ናት። ዛሬ ደግሞ ጭሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ኦዳ ቡልቱም። መምህራን ማሠልጠን፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በመቻራ አሥር ትምህርት ቤት መርጦ በአንድ ዓመት ውስጥ ለውጡን መለካት የሚያቅት ሥራ አይደለም። አርአያነት እንደገና ከዚያ ሊነሳ ይችላል።

እስከዚያው ግን እርስ በርሳችን አንታለል። ላብ የማያወጣ ስፖርት፣ ሳሙና የማያውቅ ንጽሕና፣ ጫት የማይጠራ ጤና ትምህርት አይባልም። ወይ ልጆቹን ወደ ሜዳው እናውጣ፣ ወይ ስሙን ከሰርተፊኬቱ ላይ እንፋቀው።