ጣናን ያደረቀው ሩቅ ውቅያኖስ

ደባርቅ፦ ከዛሬ 17 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ጣና ሐይቅ ደርቆ ነበር። ከሐይቁ ወለል ሥር ተቆፍሮ የወጣው ደለል ዛሬ ውኃ በተኛበት ስፍራ ደረቅ አፈር፣ ቀጥሎም የደንገል ረግረግ እንደነበረ ይመሰክራል። ቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ደርቋል። ጣና ዳግም ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ15 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ነው።

መነሻው ከሰሜን ተራሮች እጅግ በራቀው ሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገኛል። በዚያ ሞቃትና ጨዋማ ውኃ ከምድር ወገብ አካባቢ ወደ ሰሜን ይፈስሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፤ ወደ ጥልቁ ሰምጦም በታች በኩል ወደ ደቡብ ይመለሳል። ሰሜን አሜሪካን ሸፍኖ የነበረው ግዙፍ የበረዶ ግግር እየተሰበረ ባሕር ገብቶ ሲቀልጥ ጨው አልባ ውኃ በላዩ ተንጣለለ። ይህ ውኃ ቀላል በመኾኑ አልሰምጥ አለ፤ ፍሰቱም ተዳከመ። ወደ ሰሜን የሚሄደው ሙቀት ሲቀንስ የዝናቡ ቀበቶ ወደ ደቡብ አፈገፈገ፤ ለኢትዮጵያ ደጋ ክረምት የሚያመጣው እርጥበት አዘል ነፋስም ሳሳ። ከ12 ሺህ 900 ዓመታት ገደማ በፊት ፍሰቱ ዳግም ተዳክሞ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቷል።

በራስ ዳሸንና በቧሂት ተዳፋቶች የበረዶ ግግር ገፍቶ የከመራቸው ድንጋዮች ዛሬም ይታያሉ። እነዚህ ግን የዚያ የበረዶ ዘመን ብርድ ምልክቶች እንጂ የዝናብ ብዛት ማስረጃ ተደርገው መወሰድ የለባቸውም።

የአትላንቲኩ ፍሰት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በመሣሪያ ያለማቋረጥ ይለካል። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ፍሰቱ በዚህ ክፍለ ዘመን መዳከሙ እንደማይቀር፣ ከ2100 በፊት በድንገት ይቆማል ተብሎ ግን እንደማይጠበቅ በመካከለኛ እርግጠኝነት ገልጿል። ስለዚህ ጣና ነገ ይደርቃል እያሉ አርሶ አደሩን ማስፈራራት ተገቢ አይደለም።

ቅርቡ ሥጋት ሌላ ነው። ኤልኒኖ የሚነሣው ከሰላማዊ ውቅያኖስ ሲኾን በየጥቂት ዓመቱ ይመላለሳል። በ2008 ዓ.ም በሀገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ ፈላጊ ኾኖ ነበር። ኤልኒኖ በተከሠተበት በ2015 ዓ.ም ክረምትም በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናቡ ከድቶ ድርቅ ደርሷል።

የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ የውቅያኖሶችን ሙቀት እያየ ስለ ክረምቱ አስቀድሞ መናገር ይችላል። ለደባርቅና ለዳባት ገበሬ ጥቅሙ ከዘር በፊት ሲደርሰው ነው፤ ዝናቡ ቀድሞ የሚወጣ ከኾነ ፈጥኖ የሚደርስ የገብስ ዘር ይመርጣልና። ዘሩ አፈር ከገባ በኋላ ቀበሌ የደረሰ ትንበያ ይህን ምርጫ አይሰጠውም።